«ቀኑ ደርሶ ነው» እያልን እስከ መቼ?



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ጥናት ዘዴ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መምህርነት ሙያ ክብር ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዛሬ ስለ መኪና ፍጥነት ልንጽፍ ተነሥተናል። «ይሄ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው እንጂ መምህርን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበር የምናስበው። ሐሳባችንን የለወጠው በዓይናችን ያየነው፣ እውነቱን ለመናገርም እጃችን ያለበት አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ለበዓል ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ሦስታችን ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሹፌሩ ከእኛ በፊት ከመናኸሪያ የወጣውን ሌላ ሚኒባስ ቀድሞ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ለመልቀም ቸኩሏል። በየመቀመጫው ትርፍ ሰው ተጭኗል። ቁልቁለቱን እንደያዝን መኪናው በየኩርባው እኛን ወዲያና ወዲህ ማላተም ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ኧረ ልጄ ቀስ በል፤ ቤት የሚጠብቀን ሰው አለ» አሉ። ረዳቱ ፈጠን ብሎ «እማማ፣ የፈራ ይውረድ!» ብሎ መለሰላቸው። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

ብዙም አልሄድን። አንድ ኩርባ ስንዞር ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት አህያቸውን እየነዱ የመንገዱን ዳር ይዘው ሲሄዱ ደረስንባቸው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ጮኸ፤ ግን አልቆመም። አህያዋ እዚያው ሞተች። ባለ አህያዋ እናት ቦይ ውስጥ ወድቀው አገኘናቸው። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰብሯል። እኛም ተደናግጠን እጅና እግራቸውን ይዘን እንደ እህል ጆንያ አንሥተን ሌላ መኪና ላይ ጫንናቸው። በዚያን ጊዜ ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

ከ3 ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ከመካከላችን አንዱ የዚያው ቀበሌ ልጅ ስለሆነ ቤቱ ሳለ «አንተ መምህርነት የምትማር አይደለህም? ና እስቲ ይችን ወረቀት አንብብላቸው» ተብሎ ተጠራ። ወረቀቱ «ለመታከሚያ ተብሎ 8,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ የምጠይቀው ነገር የለኝም» ይላል። ጓደኛችን ጥርት አድርጎ አነበበላቸው። እናትየው «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ ነፍሴን ያተረፈ ይመስገን» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ያለቀው ግን ለባለ መኪናው ነው። እግራቸው ጠሞ ገጠመና ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ለሕክምና ሲመላለሱ በሬ ተሸጠ። የቤቱን ሥራ የሚሠራ ሲጠፋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ትምህርቷን አቋረጠች። እኛ ነገ መምህራን ሆነን «ሴት ልጅ ለምን ከትምህርት ገበታ ቀረች?» ብለን ቅጽ የምንሞላው ስለ እንደዚህ ያሉት ልጆች ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ አጥፍተናል ብለን እናምናለን። አሮጊቷ «ቀስ በል» ሲሉ ሳቅን። ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ፊደሉን አነበብን እንጂ ሕጉን አላወቅንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው፤ ከአደጋው በፊት ዝም እንዳንል፣ ከአደጋው በኋላ ደግሞ ባለማወቅ የሰው መብት እንዳናስፈርም ለማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ «ቀኑ ደርሶ ነው» ስለሚለው አነጋገር። እኛ በእምነት ያደግን ልጆች ነን፤ የሰውን ልጅ ቀን የሚያውቅ ፈጣሪ እንደሆነ አንክድም። ኀዘንተኛን ለማጽናናት የሚባለውንም ቃል አንነቅፍም። ነገር ግን የፍጥነት መለኪያውን ቀስት 90 እና 100 ላይ የሚያደርሰው የሹፌሩ እግር ነው። ፈንጣጣ ስንቱን ሲፈጅ በኖረበት ዘመንም «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባል ነበር። ክትባቱ ለሁሉ ሲዳረስ ግን በሽታው ከዓለም ጠፋ። ምክንያቱ የሚታወቅ ነገር መከላከያም አለው ማለት ነው።

የመኪና አደጋም ምክንያቱ ተጠንቶ ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም መንገዶች ላይ ሞተዋል። ከነዚህም ውስጥ ከመቶ 92 ያህሉ የሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለውን ልጅና ወጣት ከማናቸውም በሽታ በላይ የሚገድለው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ልብ በሉ! ከ5 እስከ 29 ማለት የምናስተምራቸው ልጆችና እኛው ራሳችን ማለት ነው።

ድርጅቱ እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ እጅ ብቻ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል ግጭት በመቶ አራት እጅ ያህል ይጨምራል። መኪና በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር ሲገጨውና በ65 ሲገጨው እግረኛው የመሞት አደጋው በ4.5 እጥፍ ይለያያል። የተጨመረው 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለሹፌሩ እግሩን ትንሽ ጫን እንደማድረግ ነው፤ ለእግረኛው ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ወደ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 42 ደቂቃ ይፈጅበታል። በ80 የሚሄድ ደግሞ 31 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ 10 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ያውም መንገዱ ኩርባና ዳገት ባይኖረው ነው። የተረፈው 10 ደቂቃስ ለምን ይውላል? መናኸሪያ ደርሰን አንድ ብርጭቆ ሻይ ብንጠጣበት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።

ደግሞም በሰዓት በ60 የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሰኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ80 የሚሮጠው 22፣ በ100 የሚሮጠው ወደ 28 ሜትር። ሹፌሩ አህያዋን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ቢያንስ አንድ ሰኮንድ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬን መያዝ የሚጀምረው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደተማርነው ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የሚንቀሳቀሰው አካል ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ሲሄድ ፍሬን ይዞ በ10 ሜትር የሚቆም መኪና በ80 ሲሄድ 40 ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዝናብና በቁልቁለት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህን ቀመር ለፈተና ሸምድደን አልፈናል። ለሕይወታችን ግን አላዋልነውም።

የኛ መንገድ ደግሞ ከሌላው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ከወረታ እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ ያልፋል። በክረምት ጉና ላይ ጉም ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። በገበያ ቀን መንገዱ ሙሉ በሙሉ የሰውና የከብት ነው። ጧት ጧት ደብተራቸውን በፌስታል የያዙ ሕፃናት ጠርዙን ይዘው ይሄዳሉ። ማታ በጎች በአስፋልቱ ላይ ወደ ቤት ይነዳሉ። ለባለ መኪናው መንገድ የሆነው ለገበሬው ደጁ ነው።

ይህ ከተማ ከባድ ነገር በተራራ ላይ ማንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ ድሮ ያወቀ ከተማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስወሰዱት ከዚሁ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ነበር። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ በሠረገላ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ፊት ፊቱ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ የደረሰው ከወራት ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ዛሬ ከተሳቢው ጋር 400 ኩንታል የጫነ መኪና ያንኑ ደጋ በአንድ ሹፌርና በአንድ ረዳት ይወርደዋል። ጉልበታችን ጨምሯል። ጥንቃቄያችንስ አብሮ ጨምሯልን?

ሕዝቡም የሚያየውን ያውቃል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ስም ማውጣትና መሣቅ ብቻውን የሚያድነው ሰው የለም።

በሌላ በኩል ጥፋቱን ሁሉ በሹፌሩ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም። ብዙው ሹፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። በቀን ለባለ ንብረቱ የሚያስገባው ገንዘብ ተወስኖበታል፤ ከዚያ የተረፈው ነው የልጆቹ እንጀራ። ተራ ጠብቆ ከመናኸሪያ ሲወጣ ጊዜው ሄዷል። ተሳፋሪውም ራሱ «ምነው ተንቀረፈፍክ፣ ንካው እንጂ!» ይለዋል። በዝግታ የሚነዳውን ሹፌር «ፈሪ» ብለን፣ የሚያበረውን «አንደኛ ነው!» ብለን የምናደንቅ እኛው ነን። ስለሆነም ፍጥነቱን የሚያመጣው የባለ ንብረቱ ሒሳብ፣ የሹፌሩ እግርና የተሳፋሪው ምላስ አንድ ላይ ሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኛ ልንቆጣጠር አንችልም፤ ሦስተኛው ግን በእጃችን ነው።

አንዳንዱ «አንድ ሰው ቢናገር ማን ይሰማዋል?» ይላል። እውነት ነው፤ አሮጊቷን ማንም አልሰማቸውም። ነገር ግን እኛ ሦስታችን በዚያች ሰዓት «እማማ ልክ ናቸው፤ ወንድም፣ ቀስ በል» ብንል ኖሮ አራት እንሆን ነበር። አራት ስንሆን ሌሎችም ይጨመሩ ነበር። ተሳፋሪው በሙሉ «ቀስ በል» ካለው ማን ሹፌር ነው እምቢ የሚለው? የሰው ልጅ ብቻውን መናገር ያፍራል፤ ሌላው ሲናገር ግን አፉ ይፈታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደተባለው ካለፈ በኋላ መንጫጫት ምን ይጠቅማል?

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። አደጋው ከደረሰ በኋላ ምን ይደረግ? የተጎዳውስ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

አንደኛ፣ አነሣሥ ነው። ሁላችንም አበበ ቢቂላን እናውቃለን፤ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ እንደገና ማራቶንን ያሸነፈው ጀግና ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ማታ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠበትና እስኪነጋ ድረስ ሥሩ ተይዞ አደረ። አንገቱና ጀርባው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በሚባለው ሆስፒታል ለወራት ታክሞ የእጆቹን ጉልበት መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። ዓለምን ያስደነቁትን እግሮች አንዲት ሌሊት ወሰደቻቸው። ከዚህ የምንማረው የጀርባና የአንገት አጥንት ሲጎዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው። ስለዚህ እንደኛ እጅና እግር ይዞ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። መኪናው የሚቃጠል ወይም ሌላ መኪና የሚመጣበት ካልሆነ በቀር የተጎዳውን ሰው መጎተት የለብንም። በቅድሚያ ሌላ መኪና እንዳይደርብ ከወዲያና ከወዲህ ቅጠል ጥለን ሰው እናቁም። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ነጠላ ተጭነን እንያዝ። ጋቢ እናልብሰው። ውሃም ሆነ አረቄ አናጠጣው። ማንሣት ግድ ከሆነ ራሱና አንገቱ ሳይጣመም፣ ብዙ ሰው ሆነን፣ በሳንቃ ወይም በቃሬዛ ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው፤ በየደብተራችን ጀርባ ብንጽፈው አይከብደንም።

ሁለተኛ፣ ማስረጃ መያዝ ነው። የመኪናውን ታርጋ፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያዩትን ሰዎች ስም መጻፍ። የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን ሳያነሣ መኪናው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ። ለሕክምና የተከፈለበትን ደረሰኝና የሐኪም ማስረጃ አንድም ሳይጣል ማስቀመጥ። ተሳፋሪም ከሆነ ቲኬቱን መያዝ፤ አጓጓዡ ተሳፋሪውን በደኅና ለማድረስ በውል የተገደደ ነውና። ደብተርና እስክሪብቶ ከመምህርና ከተማሪ የበለጠ በኪሱ የሚገኝ ማን አለ?

ሦስተኛ፣ ሕጉን ማወቅ ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኛም ሳናውቀው ያስፈረምንበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። «እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድነውም። መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ኃላፊነት የለበትም። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ከሆነም ኃላፊነቱ ሊቀርለት ወይም ሊቀነስለት ይችላል። የመንገዱን ዳር ይዘው ይሄዱ የነበሩት እናት ግን ምን ጥፋት ነበረባቸው? ያው ሕግ በቁጥር 2143 ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዛል። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ሲረዝም ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ ቢሆንም የሚዘገይ ሰው ማስረጃውም ምስክሩም ይጠፋበታል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። ግልጽ የሆነውን ደንብ ጥሶ ወይም ሰክሮ የገደለ፣ ወይም ከአንድ በላይ ሰው የገደለ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል። ተጎጂው ወይም ወራሾቹ የካሣ ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አያይዘው ማቅረብም ይፈቀድላቸዋል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በድኃ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መንገድ ከፍቶለታል። «ገንዘብ የለኝም» ብሎ መቅረት የለም ማለት ነው።

አራተኛ፣ መድኑ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳያወጣ ይከለክላል። በመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን ወረቀት ለትራፊክ ፖሊስ ማሳያ ብቻ አይደለም፤ እሱ የእግረኛው ዋስትና ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። አዋጁ በወጣ ጊዜ የዚህ ሕክምና ወጪ እስከ 2,000 ብር ተወስኖ ነበር፤ ገንዘቡ እንደየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ የዕለቱን መጠን መድን ድርጅቱን መጠየቅ ነው። መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥ ወይም መድን ያልገባ ቢሆንም ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። «ያመለጠ መኪና ማን ይከፍልበታል?» የሚለው ተስፋ መቁረጥ እንግዲህ ቦታ የለውም።

አምስተኛ፣ እርቅ ነው። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። እርቅ የአገራችን ትልቅ ሀብት ነው። ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ በዚህ ደጋ ስንት ደም በደም ይመለስ ነበር! ልብን ማስታረቅ፣ ቂምን ማድረቅ የተቀደሰ ሥራ ነው። ግን ልብ መታረቁ አንድ ነገር ነው፤ የተሰበረ እግር ካሣ ሌላ ነገር ነው። ይቅር ያለ ሰው ካሣውን ቢጠይቅ ቂመኛ አያሰኘውም። ሐኪሙ «ጉዳቱ እስከምን ይደርሳል?» የሚለውን ሳይወስን፣ የመድኑ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት መፈረም አይገባም። አንዴ ከተፈረመ ማፍረሱ ከባድ ነው። ሽማግሌዎቻችንም ይህን ቢያውቁ የድኃን እንጀራ የሚዘጋ ወረቀት ላይ ምርቃታቸውን የሚያፈስሱ አይመስለንም።

የተጎዳ ሰው የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ የሚገባውን ነው። ከዚህም በላይ አደጋ የደረሰበት ሰው ከሰው ተራ የወጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ እግሮቹ ከተያዙ በኋላ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳትፏል። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በሚደረግ የተንሸራታች ውድድር አሸንፏል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ ሕዝቡ የሚያውቀው በጀግንነቱ ነው። ሆኖም እሱ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ የሚታከምበት ዕድል አግኝቷል። ባለ አህያዋ እናት ያገኙት ግን 8,000 ብርና አንድ ወረቀት ነው። ልዩነቱን የሚያጠበው ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ ሳይሆን በቀበሌው ውስጥ የሚያውቀው ሰው መኖሩ ነው።

ያ ሰው ማን ነው? እኛ ነን። ከዚህ ተመርቀን የምንሄደው ጠበቃ ወደሌለበት፣ ፍርድ ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሆነበት ቀበሌ ነው። እዚያ ወረቀት ሲመጣ «የኔታ፣ ያንብቡልን» የሚባለው መምህሩ ነው። ያን ጊዜ ጥርት አድርጎ ማንበብ ብቻ አይበቃም። «ቆይ እናቴ፣ አውራ ጣትዎን አያትሙ፤ መጀመሪያ ሐኪሙንና የመድኑን ሰው እንጠይቅ» የሚል መምህር ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

መምህሮቻችንን፦ ከትርፍ ሰዓታችን ጥቂቱ ለመጀመሪያ ርዳታ ልምምድ ቢሰጠን፤ የትራፊክ ፖሊስና የሕግ ባለሙያ በተማሪዎች ክበብ በኩል ቢጋበዙልን፤ በሒሳብና በሳይንስ የትምህርት ዕቅዶቻችን ውስጥም የፍጥነትና የፍሬን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ቢገባ መልካም ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር ያለውን መንገድ ያሰላ ልጅ ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ይልቅ ነገሩን አይረሳውም።

ጓደኞቻችንን፦ በልምምድ ማስተማር ስንወጣ ሕፃናት መኪና በሚመጣበት በኩል ፊታቸውን አዙረው የመንገዱን ጠርዝ ይዘው እንዲሄዱ፣ ኩርባ ላይ እንዳይሻገሩ፣ ኳስ አስፋልት ላይ እንዳይጫወቱ እናስተምር። በሚኒባስ ስንሄድ ደግሞ አንድ ሰው «ቀስ በል» ሲል የምንስቅ ሳይሆን የምንደግፍ እንሁን። በትሕትና፣ ሳንሰድብ፣ ግን ደግመን ደጋግመን።

እኛ ሦስታችን ለራሳችን ቃል ገብተናል። ባለ አህያዋን እናት ሄደን ጠይቀናቸዋል። ወረቀቱ የተፈረመ ቢሆንም 2 ዓመቱ አላለፈምና ሕግ የሚያውቅ ሰው አይቶ ምን ሊደረግ እንደሚችል እንዲነግረን ሰነዶቹን ሰብስበናል። ይሳካ ይሆናል፤ ላይሳካም ይችላል። ልጅቷን ግን ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ተነጋግረን ተስማምተዋል። ደብተርና እስክሪብቶ ከኛ ነው። ከእናንተም ሊረዳ የሚፈልግ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሲጨርስ ያነጋግረን።

በሚቀጥለው ዕረፍት ሁላችንም መናኸሪያ ላይ እንገናኛለን። ከኋላ የተቀመጡ አሮጊት «ልጄ፣ ቀስ በል» ቢሉ ማን አብሯቸው ይናገራል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መልሱን ከአሁኑ እናዘጋጅ።

ከሦስት የአንድ ክፍል ሰልጣኞች